«ስንት አመጣሽ?»፦ ከ12ኛ ክፍል ውጤት በኋላ፣ አንድ የጉዳይ ጥናት ከጅማ

ጉዳዩ

በመስከረም 2016 መጨረሻ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ ሲሆን፣ ከተፈተኑት 845,188 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267 ብቻ ነበሩ፤ 3.2 በመቶ መሆኑ ነው። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,328 ደረሱ። በቀደመው ዓመትም ያለፉት 3.3 በመቶ ነበሩ። ይህ ጥናት ካላለፉት ስለ አንዷ ነው፦ ጅማ፣ ከመርካቶ ብዙ በማይርቅ ሰፈር የምትኖር የ19 ዓመት ወጣት፣ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ፣ ውጤቷ 43 በመቶ። ማንነቷን የሚጠቁሙ ዝርዝሮች ቀርተዋል፤ «ልጅቷ» እንላታለን።

ሰፈሩ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የሚጠራት «ዶክተርዬ» እያለ ነው። ፈተናው ከ2014 ዙር ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ይሰጥ ስለነበር፣ የተፈተነችው ሕክምና ልትማርበት ባሰበችው በጅማ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ግቢው ውስጥ ያደረቻቸውን ሌሊቶች እንደ መግቢያዋ ቆጥራቸዋለች። ውጤቱን በስልኩ ቀድሞ ያየው ታላቅ ወንድሟ ነው። ቁጥሩን ሲነግራት አላለቀሰችም፤ «እሺ» ብላ ክፍሏ ገብታ በሯን ዘጋች።

በቀጣዮቹ ሦስት ሳምንታት ከሌሊቱ 9 ሰዓት በፊት እንቅልፍ ወስዷት አያውቅም። የክፍል ጓደኞቿን የቴሌግራም ግሩፕ ወደ ኋላ እየሄደች ስታነብ ታመሻለች፤ የምትነሳው ረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ነው። የምትበላው በቀን አንዴ፣ ያውም እናቷ ክፍሏ ድረስ ካመጣችላት። ጎረቤት ቡና ሲጠራ «አሟታል» ይባላል። ሶላቷን አልተወችም፣ ዱዓ ማድረግ ግን አቁማለች። ከአባቷ ጋር ቃል አልተለዋወጡም። እናቷ ወደ ምክር አገልግሎት ይዛት የመጣችው፣ ልጅቷ ደብተሮቿን በሙሉ ሰብስባ ለጎረቤት «እሳት አያይዙባቸው» ብላ መስጠቷን ስትሰማ ነው። የእናት ድንጋጤ ተገቢ ነበር፤ የሚወዱትን ነገር ማደል አንዳንዴ ሕይወትን የመሰናበት ምልክት ይሆናል።

መጀመሪያ የተጠየቀው

ስለ ስሜትም ስለ አመለካከትም ከመነጋገር በፊት ደህንነት ይጣራል። አማካሪዋ እናትን ውጭ እንድትቆይ ጠይቃ፣ ነገሩን ሳታድበሰብስ «ከዚህ ሁሉ ሞት ይሻለኛል ብለሽ አስበሽ ታውቂያለሽ?» አለቻት። ብዙ ቤተሰብ ይህን መጠየቅ ሐሳቡን ያመጣል ብሎ ይፈራል። አያመጣም፤ የተያዘውን ሐሳብ እንዲወጣ ያደርገዋል እንጂ። የልጅቷ መልስ «ተኝቼ ባልነቃ ደስ ይለኝ ነበር፤ እኔ ግን በራሴ ላይ ምንም አላደርግም» የሚል ነበር። ዕቅድ ነበራት? አልነበራትም። ከዚህ በፊት ሞክራ ታውቃለች? አታውቅም። ደብተሮቹስ? «ሳያቸው ያመኛል» ነው ያለችው።

ይህ መልስ ቀላል ተብሎ አልታለፈም። ቤት ውስጥ ያሉ መድኃኒቶችና ኬሚካሎች በዚያው ቀን እናቷ ቁልፍ ውስጥ ገቡ። ሌሊት ሐሳቡ ቢበረታ የምትቀሰቅሳት ሰው ተለየች፤ አጠገባቸው ያለው ግቢ የምትኖረው አክስቷ ናት፣ እሷም ፈቃደኛነቷን ራሷ ተናገረች። ሐሳቡ ወደ ዕቅድ ከተለወጠ በዚያው ቀን ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል እንደሚሄዱ ሦስቱም ተስማሙ። አማካሪዋ ይህን ጥያቄ በየክፍለ ጊዜው መጀመሪያ ደግማ ጠይቃለች።

ፒኤችኪው-9 የሚባለው የድብርት መጠይቅም ተሞላ። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት የሚመለከቱ ዘጠኝ ጥያቄዎች አሉት፤ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጣል፣ ጠቅላላው ከ27 ነው። 10ና ከዚያ በላይ ሲሆን በቅርብ መከታተል ያስፈልጋል። የልጅቷ 14 ነበር። ጫት ትቅም እንደሆነም ተጠየቀች። ጅማ ላይ ይህ ጥያቄ አይታለፍም፤ ጫት እንቅልፍ ስለሚነሳ፣ በማግስቱም ድብርት ስለሚያስከትል፣ ሳይጠየቅ ከቀረ የእሱ ሥራ በሐዘን ይሳበባል። አትቅምም።

የወንድሟ ቁጥር ለምን አልሠራም

ወንድሟ ልጁ ጥሩ ነው። በሁለተኛው ቀን ዜናውን ከፍቶ «ተመልከች፣ ከመቶ ሰው ሦስት ነው ያለፈው፤ አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ?» አላት። መረጃው ትክክል ነው፣ ዓላማውም ዕይታዋን ማስፋት ነበር። እሷ የሰማችው ግን ሌላ ነው፦ «ከሦስቱ ውስጥ መሆን ነበረብኝ፤ ዶክተር የሚሆኑት ሦስቱ ናቸዋ።» ቁጥሩ ማጽናኛ መሆኑ ቀርቶ አዲስ ማስረጃ ሆነባት። አክስቷም «ሶብር አድርጊ፣ ቀደር ነው» ብላታለች። ልጅቷ በቀደር፣ በአላህ ውሳኔ፣ ታምናለች፤ ነገር ግን ቃሉ የደረሳት ገና ስትጀምር «በቃ ዝም በይ» በሚል ድምፅ ነው።

የስሜት ጥናት ይህን በደንብ ያውቀዋል። ነገሩን በሌላ ዓይን ማየት ስሜት ለማብረድ ከምናውቃቸው ጥሩ መንገዶች አንዱ ነው፤ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጄምስ ግሮስ በ1998 (እ.ኤ.አ.) ባቀረበው የስሜት አመራር ሞዴልም ቦታ አለው። ግን አእምሮ የሚሠራበት አቅም ይጠይቃል። ጋል ሼፕስ ከግሮስና ከሌሎች ጋር በ2011 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ሥራ፣ ሰዎች ስሜቱ ለስለስ ሲል ነገሩን በሌላ ዓይን ማየትን፣ ሲበረታ ግን ሐሳባቸውን ወደ ሌላ ማዞርን እንደሚመርጡ አሳይቷል። ጭንቀቱ ከ100 ዘጠናው ላይ ለደረሰ ሰው የቀረበ ትክክለኛ ሐሳብ የሚሰማው እንደ ክርክር ነው፤ ክርክር ደግሞ መልስ ይጋብዛል፣ መልሱም ሁልጊዜ ራስን የሚወቅስ ይሆናል። «አስተሳሰብሽን ቀይሪ» የሚሉ አነቃቂ ንግግሮች እንዲህ ላለው ሰው የማይጠቅሙት ሐሳባቸው ሐሰት ስለሆነ ሳይሆን ከጊዜያቸው ቀድመው ስለሚመጡ ነው። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ሥራው የተጀመረው ከሰውነት ነው፤ ዕይታ የተነሳው በሦስተኛው ሳምንት ነው።

ትንፋሽ፣ እንቅልፍ፣ ቡና

የትንፋሽ ልምምዱ ቀላል ነው። በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠሩ ማስገባት፣ እስከ 6 እየቆጠሩ ማስወጣት። አንዱ ዙር 10 ሰከንድ ስለሚፈጅ በደቂቃ 6 ትንፋሽ ይሆናል፤ 5 ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ጊዜ። ልጅቷ ከፈጅርና ከኢሻ ሶላት በኋላ፣ ከመስገጃው ሳትነሳ አደረገችው፤ አዲስ ልማድ ነባር ልማድ ላይ ሲንጠለጠል አይረሳም።

በመጀመሪያው ቀን አልሠራላትም። ጣቶቿን ነዘራት፣ ራሷን አዞራት፣ «ይባስ አስጨነቀኝ» አለች። ምክንያቱ ደረቷን እስክትነፋ ድረስ ብዙ አየር ታስገባ ስለነበር ነው። ከሚገባው በላይ ሲተነፈስ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፣ መንዘሩና ማዞሩ ከዚያ ይመጣል። የተስተካከለው መጠኑ ነው፦ አንድ እጅ ሆድ ላይ፣ አንድ እጅ ደረት ላይ፤ የሆዱ እጅ ብቻ በትንሹ ከፍ ዝቅ ይላል። «በጥልቀት ተንፍሺ» የሚለው የተለመደ ምክር ብዙ ሰው የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። ፍሬው ያለው ቀስ ብሎ በማስወጣቱ ላይ ነው፣ በብዛቱ አይደለም።

እንቅልፍን በተመለከተ የመኝታ ሰዓቷን ማስተካከል አልተሞከረም፤ የተያዘው የመነሻ ሰዓቷ ነው። በየትኛውም ሰዓት ትተኛ፣ ከፈጅር በኋላ ተመልሳ ብትተኛም እንኳ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ትነሳለች። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት አስቸጋሪ ናቸው፣ ይህም አስቀድሞ ተነግሯታል። ስልኳ የሚያድረው ሳሎን፣ ቻርጅ ላይ። ቀን ብትተኛ ከ30 ደቂቃ አይበልጥም። እንቅልፍ እንቢ ካለ አልጋ ላይ ከመገላበጥ ተነስቶ ደብዘዝ ባለ ብርሃን ትንሽ ቆይቶ መመለስ።

ቡናው ራሱን የቻለ ድርድር ጠየቀ። ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት ወደ 5 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፤ 11 ሰዓት ላይ የተጠጣ በረካ ማታ 4 ሰዓት ላይ ግማሹ አለ ማለት ነው። ጅማ ውስጥ ግን ቡና እምቢ ማለት ሰው እምቢ እንደማለት ነው። የተገኘው መላ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ባለው ቡና ላይ መቀመጥ፣ ቆሎውን መብላት፣ ሲኒውን ግን «እንቅልፍ እያሳጣኝ ነው» ብሎ ማሳለፍ ነበር። እናቷ ስለደገፈቻት የጎረቤት ሴቶች አልተቀየሙም።

ጭንቀቱ ውስጥ ምን ነበር

በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ «ጨንቆኛል» የሚለው ስሜት ተዘረዘረ፤ ለእያንዳንዱም ከ100 ነጥብ ተሰጠው። ሐዘን 50። ፍርሃት 60። ንዴት 40፣ በራሷና በፊዚክስ መምህሯ ላይ። እፍረት 95። ይህ ዝርዝር መንገዱን ቀየረው። ሁሉም ሰው የሚያጽናናት ያዘነች መስሎት ነበር፤ ሐዘን ማጽናኛ ይቀበላል፣ እፍረት ግን ይደበቃል። ያፈረ ሰውን «አይዞሽ» ሲሉት የታየበት ይመስለዋልና የበለጠ ይሸሸጋል። እፍረት የሚቀንሰው ሰው ፊት ተቀምጦ አለመባረርን ሲያይ ነው። ስለዚህ ክፍሏ ውስጥ ሆና ስሜቷን ብቻ በመከታተል ይህ 95 አይወርድም ነበር።

ለቤት ሥራ አንድ ደብተር በሦስት ዓምድ ተከፈለ። በመጀመሪያው የሚጻፈው ካሜራ ቢኖር ሊቀርጸው የሚችለው ብቻ ነው፤ በሁለተኛው አእምሮዋ ያለው፤ በሦስተኛው ከዚያ ያደረገችው። ከደብተሩ አንድ መስመር፦ «አባቴ ሳሎን ተቀምጦ ሳልፍ ቀና አላለም / ማየት አስጠልቼዋለሁ / ተመልሼ ገባሁ፣ እራት አልበላሁም።» መጀመሪያ ላይ የታየው ስህተት በዚህ ሥራ ላይ የተለመደ ነው፤ «አባቴ ተናደደብኝ» ብላ በመጀመሪያው ዓምድ ትጽፍ ነበር። ንዴት ካሜራ አይቀርጸውም። ያንን ወደ ሁለተኛው ዓምድ ማዛወር ብቻ፣ ምንም ሳይከራከሩት፣ ሐሳብ ሐሳብ እንጂ የሆነ ነገር አለመሆኑን ያሳያል።

ሌሊት የሚመጣው ማብሰልሰል ደግሞ ሰዓት ተሰጠው፦ ከቀኑ 11 ሰዓት፣ 20 ደቂቃ፣ በረንዳ ላይ፣ በብዕርና ወረቀት። በሌላ ሰዓት ሲመጣ በአንድ ቃል ጽፎ ለ11 ሰዓት ማቆየት። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ቶማስ ቦርኮቬክና ባልደረቦቹ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተጠቀሙበት ዘዴ ነው፤ ጭንቀትን አትጨነቂ ብሎ ከመከልከል ቀጠሮ መስጠት ይቀላል። አልጋ ላይ ግን ፈጽሞ አይደረግም።

ራቅ ብሎ ማየት

በሦስተኛው ሳምንት የልጅቷ ጭንቀት በአብዛኛው ቀን ከ50 በታች ወርዶ ነበር። የዕይታ ሥራ የተጀመረው ያኔ ነው። የኢታን ክሮስና የኦዝለም አይዱክ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ ሰው ስለራሱ «እኔ» ከማለት ይልቅ በስሙ እየጠራ ሲያስብ ከስሜቱ ትንሽ ይርቃል፣ ለመፍረድም ይቀለዋል። ልጅቷ የውጤቱን ቀን በራሷ ስም፣ ስለ ሌላ ሰው እንደምትጽፍ ሆና 15 ደቂቃ ጻፈች።

የመጀመሪያው ጽሑፍ ክስ ሆኖ ወጣ፦ «ሰነፍ ነበረች፣ ሰው አታለለች።» ርቀት ብቻውን ደግነት አያመጣም፤ ከሩቅም ዳኛ መሆን ይቻላል። ስለዚህ ማን እንደሚያይ ተወሰነ። ጽሑፉን አክስቷ እንደምትጽፈው አድርጋ ደገመችው፤ ያቺ ስምንተኛ ክፍል እያለች ወባ ይዟት ሦስት ሳምንት ከትምህርት ስትቀር ያስታመመቻት አክስት። በሁለተኛው ጽሑፍ ላይ በመጀመሪያው ያልነበሩ ነገሮች ብቅ አሉ፦ 10ኛ ክፍልን አንድ ሴሚስተር ያለ ሒሳብ መምህር መማሯ፣ በ12ኛ ክፍል ጠዋት ጠዋት እናቷን ሱቅ ስታግዝ መክረሟ። ሰበብ አይደሉም፤ የነበሩ ግን ተሰርዘው የቆዩ እውነታዎች ናቸው።

ከዚያ ውጤቱ ራሱ በየትምህርቱ ተዘረዘረ። እስካሁን «43» ብላ ብቻ ነበር የምታየው። ከተፈተነቻቸው መካከል ባዮሎጂ 61፣ እንግሊዝኛ 52፣ ሒሳብ 22፣ ፊዚክስ 28 ነበር። ሒሳብና ፊዚክስ ባይኖሩ የሁሉም ትምህርቶች አማካይዋ ከ50 ትንሽ ከፍ ይል ነበር። ይህ ማለፍ አይደለም፣ አማካሪዋም እንደዚያ አላለችም። ነገር ግን «እኔ ወደቅሁ» ምንም ሊሠራበት አይችልም፤ «ሒሳብ 22» ግን ሊሠራበት ይችላል። የወንድሟን 3.2 በመቶ መልሳ ያነሳችውም በዚህ ቀን ራሷ ናት፤ «እንግዲህ አገሩ ሁሉ ሰነፍ ሊሆን አይችልም» አለች። ቁጥሩ ያው ነው፤ ከራሷ አፍ ሲወጣ ሠራ።

ከክፍል መውጣት

አምስት ቦታዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደረደሩ፤ ለእያንዳንዱም ሊሰማት የሚችለው እፍረት ተገመተ። ጥግ ያለው ሱቅ 30፣ የአክስት ቡና 45፣ የጎረቤት ቡና 70፣ መርካቶ ከእናቷ ጋር 75፣ የትምህርት ማስረጃ ለማውጣት የድሮ ትምህርት ቤቷ 90። ደንቡ እፍረቱ በግማሽ እስኪወርድ እዚያው መቆየት ነው፤ በከፍታው ላይ ሳለ ሮጦ መውጣት ፍርሃቱን ያጸናዋል። የጎረቤት ቡና ላይ 70 ገምታ 80 ደረሰ፣ ከሁለተኛው ሲኒ በኋላ ወደ 35 ወረደ።

የምትፈራው አንድ ጥያቄ ነበር፤ «ስንት አመጣሽ?» መልሱ አስቀድሞ ተዘጋጀ፦ «አላለፍኩም። ቀጣዩን እያየሁ ነው። እናንተ ደህና ናችሁ?» ሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር፤ እውነቱን ይናገራል፣ አይለምንም፣ ወሬውን ወደ ጠያቂው ይመልሳል። ድምፅ አውጥታ ደጋግማ ተለማመደችው፤ በሐሳብ ብቻ የተለማመዱት መልስ ሰው ፊት ይጠፋል። ቁጥሩን ለመናገር አትገደድም። ሰው ከገፋ «እሱን ለራሴ ልተወው» የሚል ሁለተኛ መልስ ነበራት፤ አንዴ ብቻ አስፈልጓታል፣ ከአንዲት እድሜያቸው ከገፋ እናት ጋር፣ እሳቸውም ሳቅ ብለው አለፉት።

አባት

አራተኛው ክፍለ ጊዜ የቤተሰቡ ነበር። አባቷ እህል ነጋዴ ናቸው። አማካሪዋ መጀመሪያ ለብቻቸው አናገረቻቸው፤ በልጃቸው ፊት ስህተታቸውን መጠየቅ ንግግሩን ይዘጋዋል። «ውጤቱን ሲሰሙ ምን ተሰማዎት?» ሲባሉ ለረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ፣ ዕድር ላይ ስለ ልጃቸው ሲያወሩ መክረማቸውን፣ አሁን ማታ ከመርካቶ ሲመለሱ ሰው ላለማግኘት በሌላ መንገድ እንደሚዞሩ ተናገሩ። እፍረቱ የሁለቱም ነበር ማለት ነው፤ እያንዳንዳቸው የሌላውን ዝምታ ቁጣ ብለው አንብበውታል።

የተሰጣቸው ሥራ ትንሽ ነው። ማታ ከእራት በኋላ 10 ደቂቃ አብረው ይቀመጣሉ። ለአንድ ሳምንት ምክርና ስለ ወደፊት ጥያቄ የለም። እሷ ስትናገር ያለችውን በራሳቸው አንደበት ይደግሙታል፣ «እንዲህ ነው ያልሽው?» ይላሉ። በሦስተኛው ቀን ሳይታገሱ «የንግድ ሥራ ብትጀምሪስ?» ብለዋል፤ ልጅቷ ተነስታ ገባች። በማግስቱ «ትናንት ቸኮልኩ» ብለው ቀጠሉ። የአባት መቸኮል ከመጥፎነት የሚቆጠር አይደለም፤ ለልጅ መፍትሔ መፈለግ የሚያውቁት ብቸኛ የፍቅር መግለጫ ነው። ስለ ዕድሩ ግን የነገሯት ራሳቸው ናቸው፣ አማካሪዋ አላወጣችውም። «አይዞሽ» እና «ሶብር» ከዚያ በኋላ ሲነገሩ ተሰሙ።

የወረደበት ሳምንት

በአራተኛውና በአምስተኛው ክፍለ ጊዜ መካከል ያለፈች ጓደኛዋ ወደ ዩኒቨርሲቲ ልትሄድ ስትል የመሸኛ ፎቶ ግሩፑ ላይ ተለቀቀ። ልጅቷ ሁለት ቀን እንደገና ከክፍሏ አልወጣችም፤ ስልኩም ተመልሶ አልጋዋ ላይ አደረ። አገረሸ ተብሎ ከመጀመሪያው አልተጀመረም። እንዲህ ያለ ቀን እንደሚመጣ ቀድሞ ተጽፎ ነበር፤ ሊመጣ ይችልባቸዋል ተብለው የተዘረዘሩት የምዝገባ ሰሞን፣ ዒድ ላይ የሚመጡ ዘመዶችና የሚቀጥለው ዓመት ውጤት ነበሩ። ፎቶው ዝርዝሩ ላይ አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት 1 ሰዓት ተነስታ ከአጎቷ ልጅ ጋር ወደ ጅሬን አቅጣጫ በእግሯ ወጣች፤ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ አልደረሱም፣ እንዲደርሱም አልተጠየቁም። ለጓደኛዋ «እንኳን ደስ አለሽ» የሚል መልእክት የላከችው ከዚያ መልስ ነው። ግሩፑን ለአንድ ወር ድምፅ አልባ አደረገችው፤ አልወጣችም።

ውሳኔው

ስለ ቀጣዩ መንገድ ውሳኔ እስከ አምስተኛው ክፍለ ጊዜ እንዳይደረግ መጀመሪያ ላይ ስምምነት ተደርጓል። በእፍረት ሰዓት የሚወሰን ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከሰው ዓይን ለመሸሽ ነው፤ ልጅቷም በመጀመሪያው ሳምንት አረብ አገር መሄድን አንስታ ነበር። አሁን ሦስት ምርጫዎች በወረቀት ተቀመጡ፦ ለማካካሻ ትምህርት (ሪሜዲያል) ከተመደበች መግባት፤ በግል ተፈታኝነት ለፈተናው እንደገና መቀመጥ፤ ቴክኒክና ሙያ። ለእያንዳንዱ በእጇ ያለውና የሌለው ተለየ። ምደባው በትምህርት ሚኒስቴር ስለሆነ በእጇ አይደለም። ሒሳብ በሳምንት አራት ቀን አንድ ሰዓት ማጥናት ግን ሦስቱም መንገዶች ላይ ይጠቅማታል፣ በእጇም ነው። ስለዚህ ምደባው ሳይታወቅ ከዚያ ተጀመረ፤ ከ12ኛ ክፍል ሳይሆን ከ9ኛ ክፍል መጽሐፍ፣ ምክንያቱም የ22 ሥሩ እዚያ ነው። ለጎረቤት ከተሰጡት ደብተሮች ግማሾቹ ገና አልተቃጠሉም ነበርና ወንድሟ መልሶ አመጣቸው።

በአምስተኛው ክፍለ ጊዜ ፒኤችኪው-9 ወደ 6 ወርዶ ነበር፤ ያለመንቃት ምኞቱ ላለፉት ሁለት ሳምንታት አልመጣም። ከወር በኋላ በተደረገው ክትትል 7 ነበር። እፍረቱ 40 ላይ ቆሟል። የድሮ ትምህርት ቤቷ ማስረጃ ገና አልወጣም፤ ሁለት ጊዜ በር ድረስ ሄዳ ተመልሳለች፣ በሦስተኛው አክስቷ አብራት ልትሄድ ተቀጣጥረዋል። መዝገቡ ላይ ሦስት ምልክቶች ለቤተሰቡ ተጽፈው ተሰጥተዋል፤ እንቅልፍ ለአምስት ተከታታይ ሌሊት ከተዛባ፣ ለአንድ ሳምንት ከቤት ካልወጣች፣ ወይም ዕቃ ማደል ከጀመረች ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይመለሳሉ።